የገዥው ሚስት እጇን አሟታል

ውድ አያቴ፣ አባባ ቃሲም፣

እርስዎ ከሞቱ ሁለት ወር ሊሞላዎት ነው። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምነግርዎት ምናልባት ከእርስዎም ደብቀውት እንደሆነ ብዬ ነው። በእኛ ቤተሰብ መርዶ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። ለእኔ እስካሁን አልተነገረኝም። የሚነገረኝ ነገ ቅዳሜ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ከየት እንደሰማሁ እደርስበታለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ በፊት የገዥያችንን ታሪክ ልጨርስልዎት። አለዚያ የትም ሆነው እንደማይተዉኝ አውቃለሁ።

ያስታውሳሉ መቼም። መስከረም ላይ የታሪክ አስተማሪያችን ሚስተር ማኑ ወረቀት አጣጥፎ በኮፍያ ይዞልን መጣና እያንዳንዳችን አንድ የሞተ ሰው አወጣን። ጓደኛዬ ሠናይት የባሕር ወንበዴ ደረሳት። ለእኔ የደረሰኝ ኤሞስ ቶርንበሪ የሚባል፣ አሜሪካ ገና በእግሯ ሳትቆም አንዲት ትንሽ ግዛት ያስተዳደረ ገዥ ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ቁጭ ብዬ የአሜሪካ ገዥ! ቮይስ ልኬ ሳማርርልዎት፣ ደሴ ሱቅዎ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ከኋላዎ ጠቅ ጠቅ እያሉ ሳቁብኝ።

«ጦጢት፣» አሉኝ፣ «ሹመቱን ተይው። ሰው በሹመቱ አይለካም። ሚስቱ ማን ናት? ስንት ወለደ? ሲርበው ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚጠራት ፈልጊና ንገሪኝ።»

በዚያ ጥያቄ ሁለት ወር ተኩል ኖርን። በየጁምዓው ያነበብኩትን እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ሰውዬውን ጎረቤትዎ ይመስል ያሙታል። አባቱ ሰው በጀልባ ወንዝ የሚያሻግር ድሃ እንደነበር፣ እሱም መቅዘፊያውን ይዞ ከተሳፋሪ ፊደል እየለመነ ማንበብ እንደተማረ ነገርኩዎት። የነፃነት ጦርነቱ ሲያልቅ ያገሩ ሰው «ወንዙን ያሻገረን ይህንንም ያሻግረናል» ብሎ ሾመው። ሚስቱ ሐና ትባላለች። ሲርበው ከምክር ቤቱ ሆኖ በመንግሥት ወረቀት፣ ማኅተም አድርጎ፣ «ክብርት ሆይ፣ ገዥው ሊሞት ነው፤ ምሳ ላኪ» ብሎ ይጽፍላት ነበር። ይህን ስነግርዎት እስኪያስልዎት ሳቁ። «ይሄማ የኛ ሰው ነው!» አሉ። ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። ሴቷ ፔይሸንስ፣ ደረቷን የሚያማት፣ የሦስት ቀን መንገድ ርቃ አዳሪ ትምህርት ቤት የምትማር ነበረች። እርስዎም ያቺን ልጅ ያለ ምክንያት ወደዷት።

ቮይስዎን ሲጨርሱ ደህና ዋይ ብለውኝ አያውቁም። የኪስ ሰዓትዎን ስልኩ አጠገብ አድርገው ይሞላሉ። ክርር፣ ክርር፣ ክርር። ሦስት ጊዜ። ያ ነበር ስንብታችን።

የመጨረሻው ኅዳር ላይ የመጣው ነው። «ሐና ታመመች አልሽኝ። ከዚያስ? ሳትነግሪኝ እንዳትተኚ።» ክርር፣ ክርር፣ ክርር።

አባባ፣ ተኛሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በአምስተኛው ቀን ግን ከእርስዎ ጽሑፍ መጣ። «ጦጢት ጉሮሮዬን ስላመመኝ ድምፅ መላክ አልችልም። ከእንግዲህ እጽፍልሻለሁ። በርትተሽ አጥኚ።» ደስ አለኝ። ጣቴ ለስልክ ወፍራም ነው ይሉ የነበሩ ሰው ተሻሻሉ አልኩ። የሐናን ነገር በጽሑፍ ማበላሸት ስላልፈለግሁ ጉሮሮዎ እስኪሻልዎት አቆየሁት።

በዚያው ሰሞን ሳቫና ሰፈር ያለው ቤታችን በእንግዳ ተጨናነቀ። ከዶቨር ሰፈር እነ እትዬ አይሹ፣ ከየሰፈሩ ማን ቀረ፣ ድስት ድስቱን ይዘው ይመጣሉ። «አባትሽን ጀርባውን አሞት ልንጠይቀው ነው» ይሉኛል። ለጀርባ ሰው ጥቁር ለብሶ ይመጣል? ሳሎን ስገባ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ይሉና ስለ ስኖ ታየር፣ ስለ በረዶ ጎማ፣ ማውራት ይጀምራሉ። እትዬ አይሹ እንኳን፣ እድሜ ልካቸውን በባቡር የሚሄዱት፣ «ታየርማ ዘንድሮ ተወዷል» ብለው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በታኅሣሥ አጎቴ ኡበይዳ ከደሴ «ካልጋሪን ልጎብኝ» ብሎ መጣ። በታኅሣሥ! በረዶ ሊጎበኝ! አንድ ትንሽ ቦርሳ ለአባዬ ሰጠውና ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔ ቸኮሌት የመጣልኝ መስሎኝ ቦርሳዋን ሳያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ድምፁ የጀመረው።

መኝታ ክፍሌ ወለል ላይ ሙቀት የሚወጣባት ቀዳዳ አለች። ምድር ቤት ካለው የማሞቂያ ክፍል፣ ፈርነስ ከምንለው፣ በቱቦ ትገናኛለች። አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤት ካልሲዬን ሳጠልቅ፣ ከቀዳዳዋ ሞቅ ካለው አየር ጋር ወጣ። ክርር። ክርር። ክርር።

ካልሲዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከጂን ይጠብቃል የሚባለውን አየተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩና ግማሹ ላይ ጠፋኝ። ያ ድምፅ ደሴ ነው ያለው፤ አሥራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ እግሬ ሥር ምን ይሠራል?

ወጥ ቤት ሮጥኩ። «እማዬ፣ ምድር ቤት ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ።»

እማዬ ፊቷን አላዞረችም። «ፈርነሱ ነው። ፊልተሩ ይቀየር ብዬ ነበር።»

«ፈርነስ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ይቆማል?»

«አሪጅ፣ ባስ ያመልጥሻል።»

በማግስቱም ተሰማ። በሦስተኛውም። አንዳንዴ ከሰዓቱ ድምፅ በኋላ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ትንፋሽ የሚመስል፣ የታፈነ። እኔም እንደ እማዬ ፊልተሩ ነው አልኩ። ማለት ነበረብኝ፤ እዚያ ክፍል ነው የምተኛው።

አሁን ወደ ገዥው ልመለስ። በጥር መጀመሪያ ሚስተር ማኑ የቤተሰቡን ደብዳቤዎች ቅጂ አመጣልኝ። ሐና በየካቲት በንዳድ ሞታለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ የቀብር መዝገብ ላይ ቀኑ አለ። ነገር ግን አባባ፣ ከቀብሯ በኋላ ለፔይሸንስ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፋለች። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። «ውድ ልጄ፣ እጄን ስላመመኝ እኔ እየነገርኩት አባትሽ ይጽፍልኛል።» ሐኪሙ ልጅቷ ድንጋጤ አትችልም ብሎት ነበር። ስለዚህ ገዥው ቀን ግዛት ሲያስተዳድር ይውልና ሲመሽ ሚስቱን ይሆናል። ስለ ዶሮዎቹ ይጽፋል፤ ስለ አዲሱ መጋረጃ ይጽፋል። መጋረጃውን ማን ሰቀለው?

እሑድ እራት ላይ ሁሉም በተሰበሰቡበት ይህን አወራሁላቸው። «ልጅቷ ደግሞ አመነች!» አልኩ። «አሥራ አንድ ደብዳቤ! እንዴት ያለች ፋራ ናት! እጅ እንዲህ ይታመማል?»

አጎቴ ኡበይዳ ውሃውን እንደያዘ ቀረ። እትዬ አይሹ ወደ እማዬ ዞረው «ስኖ ታየሩን አስቀየራችሁ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

አባዬ የጠቀለላትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጣት። ስለ ትምህርቴ ከውጤት ሌላ ጠይቆኝ አያውቅም።

«ምን ብላ መለሰችለት?» አለኝ።

«ማን?»

«ልጅቷ።»

«እዚያ ገና አልደረስኩም።»

«እሺ፣» አለና ተነሣ። «ፈርነሱን ልየው።»

ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። የጻፉልኝን ሁሉ ከመጀመሪያው አነበብኩ። «ጃንዋሪ ላይ ፈተናሽ ስለሆነ እንቅልፍሽን ተኚ» ይላል። እርስዎ ጃንዋሪ ብለው ያውቃሉ? «ዛሬ ሺፍት ስለነበረብኝ ዘገየሁ ጦጢት» ይላል። ሺፍት! ደሴ ፒያሳ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰዓት ጠጋኝ ሺፍት ገባ! ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ላይ ደረስኩ። ጉሮሮዬን ስላመመኝ። እጄን ስላመመኝ።

ሳቄ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«አባባ አሉ?» ብዬ ላክሁ።

ከወለሉ ቀዳዳ፣ ከሞቃቱ አየር ጋር፣ ድዝዝ የሚል ድምፅ መጣ።

እንደገና ላክሁ። እንደገና ድዝዝ አለ። ስልኬ ላይ «በመጻፍ ላይ» የሚለው ታየ። ምድር ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከዚያ መጣ።

«አለሁ ጦጢት።»

አለሁ አሉኝ፣ አባባ። ከእግሬ ሥር።

በማግስቱ አባዬ የኤርፖርት ሻትሉን ሊነዳ ሲወጣ ወረድኩ። ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አንድ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ካርቶን ላይ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው፣ በላስቲክ የታሰረው ስልክዎ ቻርጅ ላይ ነው። አጠገቡ ሰዓትዎ አለች፤ እየሄደች ነው፤ ስነካት ሰው ኪስ ውስጥ የቆየች ይመስል ሞቃለች። የጂን ቤት ይሆናል ብዬ የፈራሁት ክፍል የአባዬ የለቅሶ ቤት ነበር። ሳሎን ሃምሳ ሰው እያጽናናው እሱ እዚህ ወርዶ እርስዎን ሆኖ ይጽፍልኛል። ስልክዎ በአጎቴ ቦርሳ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ አባዬ እየነገረው አጎቴ ከደሴ ይጽፍ ነበር መሰለኝ።

የጻፈውንም ተመልሼ በሌላ ዓይን አነበብኩት። «ኮርቼብሻለሁ» ይላል አንዱ። አባዬ ብሎኝ አያውቅም። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል። «አባትሽ ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ልጅ ሆኖም እንደዚያው ነበር። አትቀየሚው።» ይህን ሲጽፍ እርስዎን ሆኖ ስለ ራሱ ይቅርታ መለመኑ ነበር። ወይስ እርስዎ አንድ ቀን ብለውት ነበር?

መቼ ሊነግሩኝ እንዳሰቡም በቀዳዳዋ ነው የሰማሁት። እትዬ አይሹ ምድር ቤት በምስጢር የተማከሩ መስሏቸው፣ «ፈተናዋ ሐሙስ ያልቃል፤ ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ እንመጣለን። አንድ ነገር ቅመሱላት፣ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም» አሉ። «አንድ ነገር አቅምሷት» ለማለት ነው መሰለኝ፤ ሲያለቅሱ አፋቸው ይያያዛል። እኔም ተዘጋጀሁ። እንደማላውቅ ሆኜ ልጮህ፣ ሶፋው ላይ የምወድቅበትን ቦታ ሳይቀር መርጬ ነበር። እነሱ ሁለት ወር ተውነው የለ፣ እኔ አንድ ጠዋት ያቅተኛል?

ፈተናው አለፈ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን የቀረኝን የፔይሸንስን መልስ አነበብኩ። ይኸውልዎት መጨረሻው።

«ውድ እናቴ፣» ትላለች፣ «ለአባቴ ንገሪልኝ። እጅሽ እንዳልዳነ በረዶው ሳይቀልጥ ጀምሮ አውቃለሁ። ብዕሩን በጣም ስለሚጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል። ብቻውን ባይጽፍ ደስ ይለኛል።»

ሁሉንም ታውቅ ነበር፣ አባባ። አሥራ አንዱንም የመለሰችው ለእሱ ብላ ነው። ፋራዋ እኔ ነኝ።

ገዥው ይህን ሲያነብ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ነበር። ኮፍያውን አንሥቶ፣ ለማንም ሳይናገር ወጣ። ሦስት ቀን በጭቃ ላይ በፈረስ በሚሳብ ጋሪ ተጓዘ። የትምህርት ቤቱ እመቤት እንደጻፈችው፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሕዝብ ፊት ሰዓታት ሙሉ የሚናገር ሰው አንድ ቃል አቃተው። ልጅቷ ወጥታ ቀኝ እጁን ያዘችና «የታመመው ይሄኛው ነው?» አለችው።

አለቀ። ዘግይቼም ቢሆን ነገርኩዎት።

አሁን መግሪብ ተሰግዷል። ውጭ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ተነሥቶ በረዶው ከጣሪያው እየተንጠባጠበ ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ነገ ሳይመጡ፣ ማንም ሳይቀድመኝ፣ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ወደ ስልክዎ ላክሁ።

«አባባ፣ ለአባዬ ይንገሩልኝ። ጉሮሮዎ እንዳልዳነ አውቃለሁ። ታች ብቻውን አይቀመጥ። ልጅቷ ምን ብላ እንደመለሰች ጠይቆኝ ነበር፤ ይምጣና ልንገረው።»

ድዝዝ።

«በመጻፍ ላይ» አለ። ጠፋ። እንደገና አለ። ጠፋ።

ከዚያ በቀዳዳዋ ክርር አለ። ክርር። ሦስተኛውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። አሁን ይህን ስጽፍ ደረጃው እየጮኸ ነው። አሥራ ሦስት ደረጃ ነው፣ በልጅነቴ እቆጥረው ነበር። አረማመዱ ግን የአባዬ አይመስልም፤ እያንዳንዱ ላይ ቆም ይላል፣ እንደ ሽማግሌ።

አሁን በሬ ላይ ቆሟል። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

አንኳኳ። አባዬ ደግሞ በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ዘው ብሎ ነው የሚገባው።

ልክፈትና ማን እንደሆነ ልይ። ማንም ይሁን፣ እጁን እይዛለሁ። የቀረችውን ሦስተኛዋን ክርር ደግሞ ሰዓቷን ተቀብዬ እኔ እሞላታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በየጁምዓው።

ዛሬስ ሳልነግርዎት አልተኛሁም፣

ጦጢትዎ አሪጅ