ባለ አንድ ዓይኗ እናት

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም የሆቴሉ አዳራሽ ነኝ። ኖራው ደርቋል። አሠሪዬ የእናትና ልጅ ሥዕሎችና ቅርጾች ፎቶ ከየአገሩ ሰብስቦ አምጥቷል፤ ግድግዳውን በነሱ እንድሞላለት ነው። የኮንጎ የእንጨት ቅርጽ፣ የቻይና ሐር፣ የህንድ ድንጋይ። ማስታወሻዬ፣ ክው ብያለሁ። ልጅ የሚያቅፉት ልክ እንደኛ ነው! ጉንጭ ለጉንጭ፣ እጅ ከወገብ ሥር። ይኼ የላሊበላ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝ።

ያው ዕለት፣ 10 ሰዓት

አባባ ሊያዩ መጡ። ወልደው ያሳደጉኝም፣ ብሩሽ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያንን አዲስ መጋረጃ እንድሥልም እሳቸው “ትችላለች” ማለት አለባቸው። ከፎቶ ወደ ግድግዳው የገለበጥኩትን አንዱን የፈረንጅ ሥዕል ሲያዩ አማተቡ። እናቲቱ ወደ ልጇ ዞራለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ነው። በኛ ሥርዓት በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው። ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው። ወላድ እንዴት እንዲህ ትሣላለች ብለው ተቆጡ። አዙሪያት አሉኝ።

ጥቅምት 9

አዞርኳት። ሁለት ዓይን አላት። አምራለች።

ራቅ ብዬ አየኋትና ደነገጥኩ። የምታየው እኔን ነው! ሕፃኑ አንጋጦ ፊቷን ይፈልጋል፤ እሷ ረስታዋለች። ልቤ አልቻለም። ወደነበረችበት ልመልሳት አልኳቸው አባባን። በዕድሜዬ ቃላቸውን አልፌ አላውቅም። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። መጋረጃው ቀረ በቃ።

ጥቅምት 10፣ ቀን 8 ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገሺው።

አባባ አስጠሩኝ። ቤት ስደርስ ከሣጥናቸው ጥቅል ብራና አውጥተው ዘረጉልኝ። ሴት ናት። በጎን። አንድ ዓይን። ከራሷ በላይ “ወለተ ሥላሴ” ይላል። እናቴ! እኔን በወለደች በሳምንቷ የሞተችው። ፎቶ እንኳ የላትም፤ መልኳን ዛሬ ገና አየሁ። ያውም ከሰይጣን ወገን ተሥላ። ምን አድርጋዎት ነው ብዬ ጮህኩባቸው። በሳቸው ላይ!

በጣታቸው ከሥር አሳዩኝ። ጥቅልል ያለች ጨቅላ። እኔ ነኝ።

“ወዳንቺ ዞራ ነው የሞተችው። እኔ ምን ብዬ ወደ ሰው ላዙራት?”

ያየ ሰው እንዳይረግማት ይህን ሁሉ ዘመን ደበቋት። ለማንም አላሳዩም። አለቀስኩ፤ እሳቸውም አለቀሱ። አፍንጫዬ የሷ ነው፤ ለካ የሷ ነው።

የመጋረጃውን ነገር እኔም አላነሣሁ፣ እሳቸውም አላነሡ። ነገ ጠዋት የሆቴሉን ግድግዳ ፍቄ እናቲቱን ወደ ልጇ እመልሳታለሁ። አባባ አብረውኝ ይወጣሉ፤ “ቀለሙን የምበጠብጠው እኔ ነኝ” ብለዋል።