የመምህሩ ጥርስ

ወንድም ጋሼ፣ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ፤ እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ታናሽ ወንድማችን በያጁ ስለ ልጅህ መምህር «ያ መምህር ይማታል» ሲባል ሱቅ በር ላይ ሰማ። ልጅህ ያን ጠዋት ዓይኗ አብጦ ስለነቃች ሌላ ምስክር አላሻውም። ክፍል ድረስ ገብቶ የመምህሩን ሁለት ጥርስ በቡጢ አረገፈ፤ ሰሌዳው ደም በደም ሆነ። በእኛ ቤት ፍርድ አይጓተትም።

ክሊኒክ ውስጥ የመምህሩን ከንፈር የሰፋችው ነርስ ግን ከበያጁ ጋር አብራን የመጣችውን ልጅህን አየችና፣ «ሽንቷ አረፋ አለው? በሽታ የሚከላከለው የሰውነት ዘብ ተሳስቶ የገዛ ኩላሊቱን ሲደበድብ እንዲህ ያሳብጣል። በልጆች ላይ ብዙ እናያለን፤ አስመርምሯት» አለች።

«ዓይንና ኩላሊት ምን አገናኛቸው!» ብሎ በያጁ ወንበሩን በእርግጫ ሰበረው። ቁጣው የአባታችን ነው፣ ታውቀዋለህ።

በናፍቆት አቅፌ ስሜሃለሁ፤ እህትህ።

ማስታወሻ፦ መምህሩ ከቤት ሳይወጣ ሳምንት ሆነው። ዛሬ ጠዋት የልጅህ እግር አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት።