ውሻ የነከሰው እግር

ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለሩሐማ፣

የእንግሊዝ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ሰላም ብላሻለች።

የጻፍሽው መጽሐፍ ደረሰኝ፤ በምሠራበት መጋዘን በምሳ ሰዓት እያነበብኩ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በስም ሸማኔ አድርጎ ስለቀጠረው፣ ሥራው ግን ኳስ ስለነበረው ስለዚያ ስለ ኤድዊን። የጫማውን ቁጥር ሳይቀር ታውቂያለሽ። እግሩ ስለተሰበረበት ቀን ብቻ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈሽለታል። መቃብሩ ላይ አበባ ስታስቀምጪ የተነሳሽውንም ፎቶ አየሁ።

ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ ቀናሁ። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ አትበይኝ።

መጀመሪያው ገጽ ላይ «ሳጥን ተሸክሞ ላስተማረኝ ለአባቴ» ብለሻል። እግዜር ይስጥልኝ። ሳጥን የተሸከምኩት ሃያ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ግን እኔም ፋብሪካ ውስጥ በስም መካኒክ ነበርኩ፤ ጠዋት ፈርሜ በጓሮ በር ወደ ልምምድ የምወጣ የፋብሪካው ቡድን ግራ ክንፍ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

«ልጄ የእኔን ታሪክ አታውቅም» ብዬ ለሥራ ባልደረባዬ ለመንገሻ አማረርኩ። «ሶ፣ መቼ ነግረሃት ነው?» አለኝ። «ማለቴ፣ ልጅቷ ጉግል ብታደርግህ እንኳ አትገኝም እኮ።» ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። እውነቱን ስለተናገረ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሽ ቅልጥሜ ላይ ያለውን ጠባሳ ነክተሽ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። ውሻ ነክሶኝ ነው አልኩሽ። እዚህ አገር «እኔ እኮ ድሮ እንዲህ ነበርኩ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከእነሱ እንዳልቆጠር ብዬ ነው። አንቺም አመንሽኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ውሻ ባየን ቁጥር በእኔና በውሻው መሃል ትቆሚ ነበር። ያኔ እንኳ አልነገርኩሽም።

ሩሐማ፣ ያ ውሻ አራት ቁጥር ማሊያ ለብሶ ነበር። ወልዴ ይባላል። ኳሷን ጎል ከከተትኳት በኋላ ነው ደርሶ ቅልጥሜን የመታኝ፤ የመጨረሻዬ ጎልም እሷው ሆነች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ። ኤድዊንን ብትጠይቂው አይመልስልሽም፤ እኔ እመልሳለሁ። ደብተርሽን ይዘሽ ደውዪልኝና ልክ እንደ እሱ ከጫማዬ ቁጥር ጀምረሽ ጠይቂኝ።

አምላክ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ሙሉጌታ

አርባ አንድ ነው።