ሽቦው ውስጥ ያሉት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3
ዛሬ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ጀመርን። ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አሰለፍኩና የመጀመሪያውን ገፋ አደረግኩት። መጨረሻ ላይ ያለችው ከበሩ ጋር ተላተመች። ሳቅ በሳቅ!
"አያችሁ? ማንም ከቦታው አልራቀም፤ ግፊቱ ግን ደረሰ። ኤሌክትሮኖችም ሲጓዙ ከቀንድ አውጣ ይዘገያሉ። መብራቱ ወዲያው የሚበራው ሽቦው ቀድሞውኑ በእነሱ የተሞላ ስለሆነ ነው።"
ቤት ስገባ ጨለማ። እማ ሻማዋን ይዛ ቁጭ። የመብራት ሠራተኛ የነበረው ወንድሜ ምሰሶ ላይ ኤሌክትሪክ ይዞት ከሞተ ወዲህ መብራት አታበራም፣ አታስበራም። "መስመሩ ተዘግቷል" ብለውት ነበር የወጣው... ማን ከፈተው? እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4
እራት ላይ ምን እንዳስተማርኩ ጠየቀችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ሰምታ ሰምታ...
"ልጄን የገደለው ታዲያ አሁን የት ሄደ?"
"ምኑ እማ?"
"ያልሽው ነዋ! ኤሌክትሮኑ።"
ምን ልበላት? ክፍል ውስጥ ያልኩት የባትሪውን ነው፤ በቤት መስመር ግን ኤሌክትሮኑ ወደፊት ወደኋላ ይላል እንጂ አይጓዝም። ባለበት ይንቀጠቀጣል።
"የትም አልሄደም" አልኳት።
"እዚያው ሽቦው ውስጥ?"
"እዚያው።"
ሻማዋን አንስታ ክፍሏ ገባች። እራቴን በጨለማ ጨረስኩ። ምናለ ምላሴን በቆረጠው!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7
እማ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ። ወንድሜ ከሞተበት ምሰሶ ወደ እኛ ግድግዳ የሚመጣውን ሽቦ ታያለች።
ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ "እናትሽ ምን እያየች ነው?" አለችኝ።
"ወፍ" አልኳት። ወፍ አልነበረም።

እሑድ፣ መጋቢት 8
ሳህን እያጠብኩ ከኋላዬ መጣች።
"ከልጄስ ወደ ሽቦው የገባ የለም?"
እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ።
"ሰው ሽቦ ሲነካ... የኤሌክትሮን መለዋወጥ አለ። ጥቂት ሳይገባ አይቀርም።"
እውነት ነው። ግን እያጽናናኋት ነው ወይስ እያሳበድኳት?
"ጥቂት" አለች ለራሷ። "ጥቂትም ቢሆን..."

ሐሙስ፣ መጋቢት 12
ከሥራ ስመለስ የቤቱ አምፖል ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሏል። እማ ሳሎን፣ አምፖሉ ስር፣ ፀጉሯን ተበጥራ ተቀምጣለች።
"ማን አበራው?"
"እኔ ነኛ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት አላልሽም?"
"ብያለሁ።"
"እንግዲያው የልጄም ጥቂት ይደርሳል። እናት አይደለሁ? እጠብቃለሁ።"
ባለበት እንደሚንቀጠቀጥ፣ መቼም እንደማይደርስ ልነግራት አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ወንበር ሳብኩና ጎኗ ተቀመጥኩ።