«ጠለፋ» የምትለው ቃል

ሰኞ፣ ሐምሌ 21፤ ከቀኑ 8፡00

ደብተሬ፣ ዛሬም አራት። ከጠዋት ጀምሮ የት/ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ተጎልቼ፣ ስለ ራያ ጎርፍ ያገኘሁት ጥናት አራት ብቻ። በእንግሊዝኛ «ጎርፍ» እና «ራያ» ብዬ ስፈልግ የዩኒቨርሲቲው የመረጃ ቋት የሚያመጣልኝ የተወሰደ ድልድይ፣ የፈረሰ ቤት።

አጠገቤ ያለችው መ/ርት ዘሃራ ስምንት ደርሳለች። ሁለታችንም ጂኦግራፊ እናስተምራለን፣ ሁለታችንም ማስተርስ እየተማርን ነው፣ የመረጥነውም አንድ ርዕስ። አማካሪያችን እስከ ዓርብ አስር ጽሑፍ ቀድሞ ለላከ ርዕሱን እሰጣለሁ ብለዋል። ሌላው አዲስ ርዕስ ይፈልግ።

እየተየበች ታንጎራጉራለች። ቀናሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ነውር ሠራሁ። ዘሃራ ለሶላት ስትወጣ ማስታወሻዋን ገልጬ አየሁ። ከላይ በትልቁ «ጠለፋ» ይላል፣ ሁለቴ ተሰምሮበት።

ርዕስ ቀይራለች! ሴት ልጅ ስለ መጥለፍ ልትጽፍ ነው። ጎርፉ የኔ ሆነ። ስትመለስ ሻይ ጋበዝኳት። ግራ ገባት፣ ግን ጠጣች።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24፤ 11፡00

ከጎብዬ ስመለስ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ ሚኒባሱ ቆመ። ገበሬዎቹ አካፋ ይዘው ወደ ጎርፉ ይሮጣሉ። እኔ የጎጃም ልጅ፣ ከጎርፍ መሸሽ ነው የማውቀው። አንዱን ሽማግሌ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እየጠለፍነው ነዋ፣ ማሽላው ይጠጣ እንጂ» አሉኝ።

ጠለፋ። ለካ ውሃውን ወደ ማሳ መመለስ ነው። እዚሁ ራያ ያደገችው የሮቢት ገበሬ ልጅ ዘሃራ ይሄን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ርዕሷን አልቀየረችም፤ እኔ ደግሞ ሻይ ጋበዝኳት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25፤ ጠዋት 3፡00

የጠለፋን እንግሊዝኛ አገኘሁት፤ ስፔት ኢሪጌሽን። በትእምርተ ጥቅስ ከትቼ፣ «ራያ ወይም ቆቦ» ብዬ ፈለግሁ። አስራ አንድ! አጠገቤ ያለችው ዘሃራ ዘጠኝ ላይ ቆማለች፤ ስክሪኗን አየሁት። «ራያ» ብቻ ብላ ስለምትፈልግ አካባቢውን ቆቦ ብለው የሚጠሩት ሁለቱ አምልጠዋታል።

አስሩን አያይዤ ለአማካሪው ኢሜይል ጻፍኩ። ጣቴ «ላክ» የሚለው ላይ ቆመ። ቃሉ የሷ ነው። ርዕሷን ልጠልፍባት ነው።

ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ እንዲያውም ባሰብኝ። ግን የአማካሪውን አድራሻ አጥፍቼ የሷን ጻፍኩ። ያመለጧትን ሁለቱን ብቻ አያይዤ፣ ከስሩ ማስታወሻዋን ማየቴን ተናዝዤ ላክሁ።

አጠገቤ ስልኳ ጮኸ። አነሳችው። እያነበበች ነው።