የእማዬ ወገብና የእኔ ስግደት

ለተወደድከው ወንድሜ ለያርጋል፣

እኛን የአምባራስ ብርድ አቆራምዶን ሳለ አንተን የሑመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሁዳዴ ሊገባ ሲል ንዳድ እንደጣለህ ከላክብን ወዲህ ልባችን አንተው ዘንድ ነው። ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ በለጠችስ ደህና ናት? ትንሹ ታደለ ድክ ድክ ማለት ጀመረ ወይስ ገና ይድሃል? እኛ ኪዳነምሕረት ትመስገንና በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ደጉን ልንገርህ። ያ ለደባርቅ ገበያ የገብስ ጆንያ ሳነሳ ቀጭ ያለው ወገቤ ተሽሎኛል። ደባርቅ ያዩኝ ሐኪሞች ወደ ጎንደር ልከውኝ፣ እዚያ አንዲት የወገብ ሐኪም በትኩስ ጨርቅ እያሞቀች፣ እያሸች አፍታታችኝ። ቀሪው በእጅሽ ነው ብላም የሰውነት እንቅስቃሴ አስተማረችኝ። ተንበርክኬ ተረከዜ ላይ እቀመጥና እጄን ወደፊት ዘርግቼ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ቀና እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ቁርበት አንጥፌ ስሠራው ከርሜ ይኸው ዛሬ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬም ቤት እጠርጋለሁ።

ጉዱ የመጣው በሁዳዴ ነው። እማዬ አንድ ማለዳ ወደ ጓዳ ብቅ ስትል እንዲያ ሆኜ አየችኝና ስግደት መሰላት። ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ለካ ሰብሌ ብትሰግድ ወገቧ ዳነላት ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኝ ጀመር። ኧረ የሐኪም ትእዛዝ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፈር ልብላልህ ያርጋል፣ ደስ አለኝ። ቅዳሴ ስታረፍድ የኖረች ሴት ሰጋጅ ስትባል ይጣፍጣል።

እማዬም ያን የጎበጠ ወገቧን ይዛ በየማለዳው ትሰግድ ጀመር። ተይ ብላት፣ አንቺን ያዳነ እኔን ይገድለኛል ወይ አለችኝ። በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደተደፋች መነሳት አቃታት። ባለቤቴ ይግዛውና ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧት። ደባርቅ ወስደን ስናሳያት አጥንቷ አልተሰበረም አሉን፤ እሷ ግን አልጋ ላይ ዋለች።

ከፋሲካ በኋላ እንደ ልማዴ ቁርበቴን አንጥፌ ጎንበስ ስል ከአልጋዋ ሆና አየችኝ። «ልጄ፣ በኀምሳው ይሰገዳል እንዴ?» አለችኝ። በኀምሳው ስግደት እንደሌለ ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ረስቼዋለሁ። መደበቂያ አጣሁና እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ታዲያ ለያርጋል የሰገደለት ማን ነው?» አለችኝ።

ለካ የወገቤን መዳን የስግደቱ በረከት ብትለውም፣ ንዳድህን ከሰማን ጀምሮ የምሰግደው ላንተ መስሏት ኖሯል። እኔን ብቻዬን ላለማድከም ነው ያን ወገቧን የቀጣችው።

አሁን በጀርባዋ አስተኝቼ ጉልበቷን ወደ ደረቷ እያመጣሁ አንቀሳቅሳታለሁ። ዝም ብሎ እግር ማንሳት ነውር ነው ብላ በመሃሉ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። ትናንት በራሷ ተነስታ ደጃፍ ፀሐይ ሞቀች።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ይግዛው በብርቱ ሰላም ይልሃል። በለጠችን ሳምልኝ፣ ታደለን አንገቱ ሥር ሳምልኝ። እባክህ መዳንህን ቶሎ ላክብን። ኀምሳው እስኪወጣ ምንም ላደርግልህ አልችልም። የሐዋርያት ጾም በገባበት ማለዳ ግን የወገቤን ከጨረስኩ በኋላ ቁርበቱን አንስቼ፣ በባዶው መሬት ላይ፣ ላንተ እሰግዳለሁ።

እህትህ ሰብሌ
አምባራስ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2004 ዓ.ም.