የቱርቦው ዘይት እና እማዬ

ወንድሜ፣

እማዬን ሐኪም ቤት ልወስዳት ሳልቀሰቅስህ በታክሲ ወጣሁ። ተራው ያንተ ነበር፤ ይቅርታ።

መካኒኩ የመኪናህን ቱርቦ ለዛሬ አትርፎታል። ዘይቱን ሳትቀይር መኪናውን እንዳታስነሳ። ስትገዛ ሙሉ ሲንቴቲክ በል፤ የመኪናው መጽሐፍ የሚለው 5W-30 ነው። «ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠነክራል» የሚልህን ጓደኛህን ተወው። ወፍራሙ በብርድ ጠዋት ቶሎ አይደርስለትም፣ ርካሹ ደግሞ ቱርቦው ሲግል ተቃጥሎ ይጠቁርበታል። ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር። ስትደርስ ወዲያው አታጥፋው፣ ትንሽ ይተንፍስ።

ሞተሩ ማፏጨት ሲጀምር ከመኝታዬ ሰምቼ ነግሬህ ነበር። «እህት ዓለም፣ አንቺ ጸሎትሽ ላይ በርቺ» አልከኝ።

በረታሁ።

አዲሱን ዘይት የምትገዛው ለራስህ ብቻ ነው። ያን ዕለት መኪናው ዳገቱ ላይ ሲቆም ጭስ ውስጥ ቁጭ አድርገሃት ስልክ ስትነካካ፣ እማዬ የምትሞት መስሏት ነበር። «ሁለተኛ ከእሱ ጋር አልሳፈርም» ብላኛለች። ልብህ እንዳይሰበር፣ እንዳልነግርህ እጄን ይዛ ለመነችኝ።

እኔ ደግሞ ሰው ማታለል አልወድም፤ ስለዚህ ነገርኩህ።

ምሳህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።

እግዚአብሔር ያጽናህ።

እህትህ